የጨጓራ ባክቴሪያን ማከም ግላኮማን ያድናል?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጥ።

«ዕድሜዬ 52 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግላኮማ (የዓይን ነርቭን እየጎዳ እይታን የሚቀንስ በሽታ) እንዳለብኝ ተነገረኝ፤ ማዕዘኑ ክፍት የሆነው ዓይነት ነው ተብያለሁ። ማታ ማታ ላታኖፕሮስት ጠብታ አደርጋለሁ። በመጨረሻው ምርመራ ግፊቱ በሁለቱም ዓይኖቼ 17 ነበር። በቅርቡ ጨጓራዬን እያመመኝ ስመረመር ደግሞ ሰገራዬ ውስጥ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ባክቴሪያው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል መርዝ እየለቀቀ የዓይን ነርቭ ይገድላል ይላል። ሌላው ናይትሪክ ኦክሳይድ የዓይን ግፊት ስለሚቀንስ ኤል አርጂኒን ክኒን ውሰዱ ይላል። የቱን ልመን? ባክቴሪያውን ካጠፋሁ ጠብታውን ማቆም እችላለሁ? ሁለቱ ልጆቼስ ለባክቴሪያው ይመርመሩ?»

ጠብታዎን አያቁሙ። ባክቴሪያውን ይታከሙ፤ ግን ለጨጓራዎ ብለው እንጂ ለዓይንዎ ብለው አይሁን። አርጂኒኑን አይግዙት። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ረጅሙን የምጽፈው ያነበቧቸው ሁለት ነገሮች እርስ በርስ የሚጣሉ ቢመስሉም ሁለቱም ከእውነተኛ ምርምር የተቀነጨቡ ስለሆኑ ነው። ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው።

መጀመሪያ «መርዝ» የሚለውን እናስተካክል። ይህን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚያመርተው ባክቴሪያው ሳይሆን የእርስዎ ሰውነት ነው። ሴሎች አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ይሠሩታል። ጋዝ ነው። ዕድሜው ሰከንዶች ናቸው። በተሠራበት አካባቢ መልእክቱን ያደርስና ወዲያው ይጠፋል። ዋናው መልእክቱ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ጡንቻ እንዲላላ ነው። ጡንቻው ሲላላ ደም ሥሩ ይሰፋል፤ ደም እንደልቡ ያልፋል። ይህን ሥራውን ደርሰውበት ያሳዩት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮ እና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)።

እንዲያውም ባክቴሪያውና ይህ ጋዝ ባላንጣዎች ናቸው። ሰውነት ጨጓራ ውስጥ ጋዙን በብዛት የሚያመርተው ባክቴሪያውን ለመግደል ነው። ኤች ፓይሎሪ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። አርጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ በእሱ አርጂኒኑን ቀድሞ ይጨርሰዋል። ጥሬ ዕቃው ሲያልቅ የመከላከያ ሴሎቹ ጋዙን መሥራት ያቅታቸዋል። «ባክቴሪያው መርዙን ይለቃል» ያለዎት ጽሑፍ እንግዲህ ነገሩን ገልብጦታል።

ሌላም አለ። ጨጓራ ግድግዳ ላይ የተሠራ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደ ጋዝ ተጉዞ ዓይን ጋ አይደርስም። ደም ውስጥ እንደገባ ሄሞግሎቢን ለቅሞ ያጠፋዋል። ዓይን ውስጥ የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ እዚያው ዓይን ውስጥ የተመረተ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ከግላኮማ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ካለ፣ ያ መንገድ ጋዙ በቀጥታ ከጨጓራ ወደ ዓይን የሚሄድበት አይደለም።

አሁን ወደ ዓይኑ እንምጣ። እዚህ ነገሩ ደስ የሚል ውስብስብነት አለው። ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሠራው ኢንዛይም ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ላይ ይገኛል። አንዱ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ያመርታሉ። ሦስተኛው በአብዛኛው የሚነሳው ኢንፌክሽን ወይም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲኖር ነው። ይኼኛው አንዴ ከተነሳ በብዛት ያመርታል፤ ለሰዓታት ብሎም ለቀናት አያቆምም። ጋዙ በዝቶ ሱፐርኦክሳይድ ከሚባለው ሌላ ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ፐርኦክሲናይትራይት ይሆናል። ይህ የሴሉን ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ የሚያበላሽ ነው። እሳት ምድጃው ውስጥ ሲሆን ያበስላል፤ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ቤቱን ይበላል። ናይትሪክ ኦክሳይድም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ተብሎ በጅምላ አይጠየቅም። የት ተሠራ? ምን ያህል? ለምን ያህል ጊዜ? ጥያቄው ይህ ነው።

በዓይን ፊት ለፊት በኩል ወዳጅ ነው። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይመረታል። ይህ ፈሳሽ የሚወጣው ነጩና ባለቀለሙ የዓይን ክፍል በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ባለ ስስ መረብ በኩል ነው። መረቡ ሲጠብብ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የመረቡን ሴሎች ያላላል፤ ከመረቡ ጀርባ ያለውን መውጫ ቱቦም ያግዛል። ፈሳሹ በቀላሉ ይወጣል። በ1995 የወጣ ጥናት ግላኮማ የነበረባቸው ሰዎች ዓይን ውስጥ፣ በዚሁ አካባቢ፣ ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም ምልክት ቀንሶ አግኝቶታል። የደም ሥሩ ኢንዛይም እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ደግሞ የዓይን ግፊታቸው ከፍ ይላል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ከዚህ ግንዛቤ መድኃኒት ወጥቷል። ላታኖፕሮስቲን ቡኖድ ይባላል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቅዶታል። ዓይን ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል እርስዎ የሚጠቀሙት የላታኖፕሮስት ሥራ ያለው ነው፤ ሌላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል። ታዲያ ከተራው ላታኖፕሮስት ጋር ጎን ለጎን ሲፈተን ብልጫው 1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነበር። አንድ ብቻ? አዎ። ግን አይናቁት። በስዊድን የተካሄደው ትልቁ የጀማሪ ግላኮማ ሙከራ እያንዳንዱ የቀነሰ ሚሊሜትር በሽታው የመባባስ ዕድሉን ወደ 10 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ አዲሱ ጠብታ ተአምር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። የአሁኑ ጠብታዎ ግፊቱን የሚፈለገው ቦታ ካደረሰው መቀየር አያስፈልግዎትም። ካላደረሰው ከሚታሰቡት አማራጮች አንዱ ይሆናል። የጎንዮሽ ችግሮቹ ከላታኖፕሮስት ብዙ አይለዩም፦ የዓይን መቅላት፣ የሽፋሽፍት መርዘም፣ የዓይን ቀለም መጥቆር።

በዓይን ጀርባ በኩል ግን ታሪኩ ይለወጣል። በ1997 አርተር ኑፌልድና ባልደረቦቹ ግላኮማ በነበረባቸው ሰዎች የዓይን ነርቭ ራስ ላይ ያ ሦስተኛው፣ የብግነቱ ኢንዛይም እንዳለ አሳዩ። በ1999 ደግሞ የዓይን ግፊታቸው ከፍ እንዲል ለተደረጉ አይጦች ኢንዛይሙን የሚያግድ አሚኖጓኒዲን የሚባል ነገር ሰጡ። የነርቭ ሴሎቻቸው በብዛት ተረፉ። ያን ጊዜ ተስፋው ትልቅ ነበር። በ2005 ግን ሌላ ቡድን ግፊቱን በሌላ ዘዴ ከፍ አድርጎ ሞከረው። ኢንዛይሙ ሲጨምር አላገኘም፤ መድኃኒቱም ሴሎቹን አላዳነም። ከዚያ ወዲህ ይህን ኢንዛይም በማገድ ግላኮማን የሚያክም ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት አልወጣም። «ናይትሪክ ኦክሳይድ ነርቭ ይገድላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይህ ምርምር ነው። ሥሩ አለ። ግን ከሥሩ የወጣው ግንድ ቀጭን ነው።

የባክቴሪያው ጉዳይስ? ኤች ፓይሎሪን በ1982 ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ናቸው። ከዚያ በፊት የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ በሽታ ነበር የሚባለው። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ባክቴሪያ ማንም ባልጠረጠረው በሽታ ውስጥ እጁ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ተመራማሪዎች በየበሽታው ይፈልጉት ጀመር። በልብ፣ በቆዳ፣ በማይግሬን፣ በዓይን። አንዳንዱ ቦታ እውነትም ተገኘ። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ፍለጋው ራሱ ውጤት እየመሰለ ቀረ።

በዓይን በኩል ነገሩን ያስጀመረው በግሪክ፣ ተሰሎንቄ የሚገኘው የያኒስ ኩንቱራስ ቡድን ነው። በ2001 ባወጡት ጥናት ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ካለባቸው 32 ሰዎች 28ቱ ጨጓራቸው ውስጥ ባክቴሪያው ነበረባቸው። ለንጽጽር ከተወሰዱት 30 ሰዎች 14ቱ ነበሩ። ልዩነቱ ዓይን የሚስብ ነው። በ2002 ደግሞ ባክቴሪያው ሲጠፋ የዓይን ግፊትና የእይታ መስክ በሁለት ዓመት ክትትል እንደተሻሻለ ጻፉ። በ2003 በዓይን ውስጥ ፈሳሽ የባክቴሪያውን ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። እርስዎ ያነበቡት ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቆማል ብዬ እገምታለሁ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያቆምም። በዚያው በ2003 የካናዳ ተመራማሪዎች 97 የግላኮማ ታካሚዎችን ከ94 ሌሎች ሰዎች ጋር በደም ምርመራ አነጻጸሩ። ባክቴሪያው የታየባቸው 26 በመቶና 20 በመቶ ነበሩ። በስታትስቲክስ ይህ ልዩነት አይባልም። በ2008 ከእስራኤል የወጣ ጥናትም ግንኙነት አላገኘም። በ2015 የ10 ጥናቶች ድምር ትንተና ተሠራ፤ ባክቴሪያው ባለባቸው ሰዎች ላይ ግላኮማ የመገኘት ዕድል 2 እጥፍ ገደማ ሆኖ ወጣ። ታዲያ ማን ልክ ነው?

ጥናቶቹ የተለያዩ ነገሮችን እየለኩ ነው። የግሪኮቹ ከጨጓራ ናሙና ወስደዋል፤ ይህ አሁን ያለውን ኢንፌክሽን ያሳያል። የካናዳው የደም ፀረ እንግዳ አካል ነው የለካው፤ ይህ ከዓመታት በፊት የነበረንም ይቆጥራል። ሌላው ትልቅ ነገር የንጽጽሩ ቡድን ነው። በ2001ዱ ጥናት ለንጽጽር የተወሰዱት ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ጤነኛው ሕዝብ እነሱን ይመስላል ወይ? ከዚያ ደግሞ ዕድሜና ኑሮ አለ። ባክቴሪያው ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት፣ ንጹህ ውሃ በሚያጥርበት አካባቢ በልጅነት ይይዛል። በዓለም ላይ ከሰው ግማሽ ያህሉ ይዞታል ሲባል ኖሯል። ሁለት በየቦታው የሚገኙ ነገሮች አንድ ሰው ላይ ተገናኙ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው ባለበት አገር የግላኮማ ታካሚዎችን ቢመረምሩ አብዛኞቹ ይኖርባቸዋል። አብዛኞቹ የጥርስ ሕመምተኞችም እንዲሁ።

የ2002ቱ የሕክምና ውጤት ከሁሉም በላይ ሰውን ያማልላል። እዚህ ጠንቀቅ ይበሉ። ጥናቱ ትንሽ ነበር። ታካሚዎቹ በዕጣ ተከፋፍለው፣ ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ የማስመሰያውን መድኃኒት ሳያውቁ የወሰዱበት አልነበረም። ይህ ለምን ያሳስባል? የዓይን ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፍ ባለ ጊዜ የተመዘገበ ሰው ምንም ባይደረግለትም በሚቀጥለው ሊወርድ ይችላል። የእይታ መስክ ምርመራውን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፤ ያ ብልጭ ሲል ቁልፉን የሚጫኑበት። ሰው ሲደጋግመው ይለምደዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው የተሻለ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ድኖ ሳይሆን እጁ ስለለመደ ነው። ይህን ጥርጣሬ ሊያጠራ የሚችል ትልቅ፣ በዕጣ የተከፋፈለ ሙከራ አልተሠራም። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ጠብታ ማስቆም ለእኔ የማይታሰብ ነው።

በባዮሎጂ በኩል ግን «አይሆንም» ማለትም አይቻልም። ለዓመታት የሚቆይ የጨጓራ ብግነት የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ደም ውስጥ ይዞራሉ። የደም ሥር ሽፋንን ያውካሉ፤ ሽፋኑ ሲታወክ የሚያመርተው ጥሩው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ለባክቴሪያው የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል በስህተት የራስን ሕብረ ሕዋስ ሊያጠቃ ይችላል የሚሉም አሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ በዓይን ፈሳሽ ውስጥ መገኘቱ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በደም ውስጥ በብዛት ያለ ነገር ወደ ዓይንም በጥቂቱ ያልፋል። እኔ ሚዛኑን ስመለከተው ግንኙነቱ ካለ ደካማ ነው፤ ግላኮማን በአንድ ሰው ላይ የሚያመጣ ወይም የሚያጠፋ አይደለም። ግላኮማ ስላለባቸው ብቻ ታካሚዎቼን ለኤች ፓይሎሪ ምርመራ አልልክም።

እርስዎ ግን ተመርምረዋል፤ ተገኝቷል፤ ጨጓራዎንም ያመዎታል። ስለዚህ ይታከሙ። ምክንያቱ በቂ ነው። ባክቴሪያው ቁስለት ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። ምክንያቱ ያልታወቀ የብረት እጥረት ደም ማነስም ሊያስከትል ይችላል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ ሐኪሙ ሌላ ጥምርም ሊመርጥ ይችላል። ክላሪትሮማይሲን ያለበት የድሮው ጥምር ባክቴሪያው በተላመደበት ቦታ እየከሸፈ ነው። ክኒኑ ብዙ ነው፤ ያቅለሸልሻል፤ አፍን ያመራል። ቢሆንም ከመሃል አያቋርጡ። ካቋረጡ የሚተርፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የለመደው ነው። ቢስመዝ ሰገራ ስለሚያጠቁር አይደንግጡ። ሜትሮኒዳዞል ላይ ሳሉ አልኮል አይጠጡ። ሲጨርሱ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይተው በትንፋሽ ወይም በሰገራ ይመርመሩ። አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ያቁሙ፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊባሉ ይችላሉ። በደም ምርመራ «ጠፍቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ባክቴሪያው ከሄደም በኋላ ይቆያል።

እነዚህ መድኃኒቶች ከላታኖፕሮስት ጋር አይጣሉም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይውሰዱ። ሦስት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቴትራሳይክሊን በጣም አልፎ አልፎ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ አዲስ ከባድ ራስ ምታትና ብዥታ ከመጣ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ። ለሆድ ቁርጠት የሚሰጡ እንደ ሃዮሲን ያሉ መድኃኒቶች ላይ «ግላኮማ ያለበት አይውሰድ» ተብሎ ተጽፎ ያያሉ። ማስጠንቀቂያው በዋናነት የሚመለከተው ማዕዘናቸው ጠባብ የሆኑ ሰዎችን ነው። የእርስዎ ክፍት ነው ተብሏል፤ ቢሆንም ማዕዘኑ በልዩ የምርመራ ሌንስ ታይቶ መረጋገጡን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ማዕዘኑ በድንገት ሲዘጋ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ይተኮሳል። ሰውየው ዓይኑን ከማመሙ በላይ ያስመልሰዋል፤ ራሱን ያመዋል። ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ተነሳ» ብሎ ይተኛል፤ ሐኪምም አንዳንዴ ሆዱን ብቻ ያያል። ማስመለስ ከቀላ ዓይን፣ ከብዥታና መብራት ዙሪያ ከሚታይ ቀስተ ደመና ጋር ከመጣ ነገሩ የጨጓራ አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስኪነጋ አይጠብቁ።

ጨጓራና ዓይን በእርግጥ የሚገናኙበት አንድ ሌላ በር አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን ስለሱ ሲያወራ አልሰማሁም። ቫይታሚን ቢ12። ባክቴሪያው ለረጅም ዓመታት ሲቆይ የጨጓራውን ሽፋን ሊያሳሳው ይችላል። የሳሳ ሽፋን ቢ12ን በደንብ እንዲመጠጥ አያደርግም። አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ለዓመታት መውሰድም ይህን ያግዛል። የቢ12 እጥረት የዓይን ነርቭን ይጎዳል። ጉዳቱ ግን ከግላኮማ ይለያል። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ዳር ይጀምራል፤ ነርቩም ይጎደጉዳል። የቢ12 እጥረት መሃል እይታንና ቀለም መለየትን ይነካል፤ ነርቩ ይገረጣል። የዓይን ግፊታቸው መቼም ከፍ ብሎ የማያውቅ፣ ነርቫቸው ከመጎድጎድ ይልቅ የገረጣ ሰዎች ሲመጡ ቢ12 ማየት ግድ ነው። ይህ እጥረት በመርፌ ወይም በክኒን ይስተካከላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት እይታም ሊመለስ ይችላል። ከባክቴሪያው ጋር በተያያዘ ለዓይንዎ አንድ ምርመራ ይጠይቁ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

አሁን ስለ 17። ደብዳቤዎ ላይ «17 ነው» ብለው አልፈውታል። 17 ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ጠብታ ከመጀመርዎ በፊት ስንት ነበር? 28 ከነበረ ጥሩ ወርዷል። 19 ከነበረ ገና ምንም አልተሠራም። ከ10 እስከ 21 ያለው «ልክ» የሚባለው የጤነኞች ስፋት እንጂ የእርስዎ ነርቭ የሚችለው ልክ አይደለም። በ1998 የወጣው የመደበኛ ግፊት ግላኮማ ሙከራ ይህን በደንብ አሳይቷል። ግፊታቸው በ30 በመቶ እንዲወርድ ከተደረጉት ዓይኖች ውስጥ የባሰባቸው 12 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልታከሙት ውስጥ 35 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩም ግፊታቸው «ልክ» ነበር። ለእርስዎ የተቀመጠ ዒላማ ቁጥር መኖር አለበት። ሐኪምዎን «የእኔ ዒላማ ስንት ነው?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። የእይታ መስክዎና የነርቭ ስካንዎ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ይታይ። ካልተባባሰ 17 ይበቃል። ከተባባሰ አይበቃም።

ጠብታው ሰልችቶዎት ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይናገሩ። ነውር የለውም። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ ሕመም ለማይሰማ በሽታ መድኃኒት ማድረግ ይከብዳል። መውጫው ግን የጨጓራ ሕክምና ሳይሆን ሌዘር ነው። የፈሳሽ መውጫውን መረብ የሚነካ ኤስ ኤል ቲ የሚባል ሌዘር አለ። ደቂቃዎች ይፈጃል። በ2019 በእንግሊዝ የወጣው ትልቅ ሙከራ በሌዘር ከጀመሩት ታካሚዎች 74 በመቶ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው ዒላማው ላይ እንደነበር አሳይቷል። ያ ሙከራ የተሠራው ገና ሕክምና ባልጀመሩ ሰዎች ላይ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ለራስዎ አይውሰዱት። የሌዘሩ ጉልበትም ከዓመታት በኋላ ይደክማል፤ መድገም ይቻላል። ቢሆንም ጠብታ ለመቀነስ ወይም ለመተው የተፈተነ መንገድ ይህ ነው።

ክኒኑ ቀረ። አርጂኒን የናይትሪክ ኦክሳይድ ጥሬ ዕቃ ነው መባሉ ልክ ነው። ጥሬ ዕቃ መጨመር ግን ምርቱን በተፈለገው ቦታ አይጨምርም። የፊቱን መረብ መርጦ አይሄድም። ግላኮማን እንደሚረዳም አልታየም። ጉዳት የለውም ብለውም አይውሰዱት። በ2006 የታተመ አንድ ሙከራ ድንገተኛ የልብ ጥቃት አጋጥሟቸው ለነበሩ 153 ሰዎች አርጂኒን ወይም ማስመሰያ ሰጥቶ ነበር። አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሞቱ፤ ከሌሎቹ ማንም አልሞተም። ሙከራው ተቋረጠ። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሌላም ስጋት አለ። ሌሊት የደም ግፊት ከመጠን በላይ ሲወርድ ለዓይን ነርቭ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ይህም ግላኮማን ከሚያባብሱት ከሚጠረጠሩ ነገሮች አንዱ ነው። የደም ሥር የሚያሰፋ ክኒን እየገዙ መጨመር ለዚህ ሰው አይመከርም።

ቅጠላ ቅጠል ላይ ግን አልከራከርም። አረንጓዴ ቅጠልና ቀይ ሥር ናይትሬት አላቸው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ይለውጡታል፤ ከዚያ ጨጓራና ደም ውስጥ ከፊሉ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። በ2016 የወጣ፣ ከ100 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለ25 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት፣ ቅጠል በብዛት የሚበሉት ክፍት ማዕዘን ግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። ይህ የክትትል ጥናት ነው። ቅጠል የሚበላ ሰው በሌላም ነገር ራሱን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሙሉ ምስጋናው ለቅጠሉ አይሰጥም። የያዘን ግላኮማ ይገታል ማለትም አይደለም። ግን ይብሉ፤ የሚያጡት የለም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ብቻ የቅጠሉን መጠን በድንገት አይቀያይሩ።

ልጆችዎ ጨጓራቸውን ካላመማቸውና በቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር ከሌለ ለእርስዎ ግላኮማ ብለው ለኤች ፓይሎሪ መመርመር የለባቸውም። ከእናት፣ ከአባት፣ ከወንድም ወይም ከእህት የሚወረሰው የግላኮማ ተጋላጭነት ግን ከባክቴሪያው ጋር ሲተያይ እጅግ የሚበልጥ ነው። ለዚያ ይላኳቸው። ወንድምና እህት ካለዎትም እነሱ በዕድሜ ስለሚቀድሙ መጀመሪያ እነሱ ይሂዱ። ግፊት መለካት ብቻ አይበቃም፤ ነርቩ ይታይ፣ ማዕዘኑም ይታይ። 40 ዓመት የሞላቸው ዘንድሮውኑ ይመርመሩ፤ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይነግራቸዋል። ሲሄዱ «እናቴ» ወይም «እህቴ ግላኮማ አለባት» ማለትን እንዳይረሱ ይንገሯቸው።